የቀኝ እግር ሥነ ልቦና

አቶ ሙሀመድዘይን ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ፍሬን ይይዛሉ። በእርግጥ ከእግራቸው ሥር ፍሬን የለም፤ ያለው የመኪናው ወለል ነው፣ አንዳንዴም የጎረቤት ተሳፋሪ ፌስታል። ቢሆንም ይይዛሉ። ፊት ለፊት ያለው መኪና መብራቱ ሲቀላ፣ ፍየል አስፋልት ዳር ቆማ ስታመነታ፣ ሹፌሩ ስልኩን ገለጥ ሲያደርግ፣ ቀኝ እግራቸው ማንንም ሳያማክር ወደፊት ሄዶ ወለሉን ይረግጣል። ለዒድ ወደ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ በሄዱ ቁጥር ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነው የሚደርሱት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጀዋሂር ይህን ስለሚያውቁ የሕመም ቅባቱን ከውሃው አጠገብ፣ በቦርሳቸው የላይኛው ኪስ ይዘው ነው የሚሳፈሩት።

ሌላም ደንብ አላቸው፤ በሰው እጅ አይተኙም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ተሳቢ ሲነዱ ነው፤ መጀመሪያ በአሰብ መንገድ፣ በኋላ በጅቡቲ። ጡረታ ወጥተው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከገቡ ወዲህም ደንቡ እንዳለ ነው። ሹፌር የሆነ ሰው ሌላው በያዘው መሪ አይተኛም ይላሉ፤ ከተኛ ወይ አርጅቷል፣ ወይ መሪውን የያዘው ሰው እውነተኛ ሹፌር ነው። እሳቸው ደግሞ አላረጁም፣ እውነተኛ ሹፌርም እስከ ዛሬ አልገጠማቸውም። የኮምቦልቻን መንገድ ሙሉውን ቀን የአውቶቡሱን ሹፌር ማጅራት እያዩ ነው የሚጨርሱት።

ትልቋ ልጃቸው ኢንቲሳር ለእግሩ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ነበራት። የተመረቀችው በሥነ ልቦና ነው። አሁን ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ትሠራለች፤ ሥራዋ በአመዛኙ የዓመት ፈቃድ መመዝገብ ስለሆነ የተማረችውን የምትጠቀምበት ቤቷ ውስጥ ብቻ ነበር። ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች ለአባቷ ስለ ኮንዲሽኒንግ ነግራቸዋለች። አንድ የሩሲያ ሊቅ ነበር፤ ለእንስሳ ምግብ ከመስጠቱ በፊት ሁልጊዜ ደወል ይደውላል። ትንሽ ከቆየ በኋላ እንስሳው ምግብ ባይመጣም ደወሉን ሲሰማ ብቻ ለሐጩን ማዝረብረብ ጀመረ። ሁለት ነገሮች ደጋግመው አብረው ከመጡ አንደኛው የሌላውን ሥራ መሥራት ይጀምራል። የአባቷም እግር እንደዚያው ነው፤ ቀይ መብራትና ፍሬን ለብዙ ዓመታት አብረው ስለኖሩ እግሩ ቀይ ሲያይ ባለቤቱን አይጠይቅም።

እንስሳው ውሻ ነበር። ኢንቲሳር ግን በአባቷ እግር ላይ ውሻ ማምጣት ስለከበዳት በበግ ቀየረችው።

አባቷ በጥሞና አዳመጡና በግ ለሐጩን ሲያዝረበርብ አይተው እንደማያውቁ ነገሯት።

“ሩሲያ ውስጥ ነው አባ” አለች።

“እሺ። ብርዱ ይሆናል።”

ነገሩ እዚያው ቀርቶ ነበር። እንደገና የተነሳው በታናሽ እህቷ በተቅዋ በኩል ነው። ተቅዋ ሳሪስ አቦ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ከኮዬ ፈጬ የሚወስዳት ሚኒባስ ሹፌር ሙከሚል ይባላል፤ አቃቂ የሚኖር የባቲ ልጅ ነው፣ ይሰግዳል፣ አይቅምም፣ ወሬም አያበዛም። ተቅዋም ወሬ አታበዛም። ሁለት ዝምተኞች በአንድ መንገድ እየተመላለሱ እንዴት እንደተስማሙ ኢንቲሳር እስካሁን አልገባትም፤ ተስማምተው ግን ሽማግሌ ሊላክ ነው። ለእሑድ ከዓሱር በኋላ ተቀጥሯል።

አቶ ሙሀመድዘይን ሽማግሌ አልመልስም ብለዋል። ይምጡ፣ ሻይ ይጠጡ፣ ይናገሩ። መልሱ ግን በልባቸው ካለቀ ቆይቷል። አንድ ምሽት በረንዳ ላይ ቆመው ሙከሚል ተቅዋን ከሕንፃው ሥር ሲያወርዳት አይተውታል። በብሎኮቹ መሀል ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሙከሚል መኪናውን እዚያ አቁሞ፣ የተቅዋን ዕቃ ይዞ እስከ ደረጃው ሸኛት። ጎማውን ግን ወደ ጠርዙ ድንጋይ አላዞረም። መኪና ቁልቁለት ላይ ሲቆም የፊት ጎማው ወደ ድንጋዩ ይዞራል፤ ፍሬኑ ቢለቅ ድንጋዩ ይይዘዋል። ይህን የማያደርግ ሰው በአቶ ሙሀመድዘይን ዘንድ ለነገ የማያስብ ሰው ነው። ሲጀመርም የታክሲ ሹፌር አይነዳም ይላሉ፤ ተሳፋሪ ያሳድዳል እንጂ።

ተቅዋ በበኩሏ አባቷ ካልፈቀዱ ሙከሚልን እንደማታገባ ተናግራለች። ከሙከሚል ሌላም እንደማታገባ ተናግራለች። ሁለቱንም የተናገረችው ሽንኩርት እየላጠች፣ ነገ የቆጣሪ ካርድ መሞላት አለበት በምትልበት ድምፅ ነው። ኢንቲሳር ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከዚህ ድምፅ ወዲያ የተቅዋ ሐሳብ ተለውጦ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው አባቷ ጠሯት።

“አራት ዓመት ሙሉ የሰውን ልብ ተምረሻል” አሏት። “ይኼን ልጅ መርምሪና ንገሪኝ።”

ኢንቲሳር ሥነ ልቦና ልብ ማንበብ እንዳልሆነ አስረዳች። ታዲያ ምንድነው አሉ። ሰው ለምን እንደሚያስብና እንደሚያደርግ የሚያጠና ትምህርት ነው አለች። አባቷ እሱኑ ነው ያልኩሽ ብለው ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረጉ።

ኢንቲሳር ፊት ለፊት “ልጁን በደለኸው” ማለት የምትችል ሰው አልነበረችም። ቢሮ ውስጥ እንኳ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲጎርስ ለማንም ሳትናገር ቁጭ ብላ የሌላ ሰው ወረቀት እስኪጎረስ ትጠብቃለች። ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጠች። በየምሽቱ አንድ ሐሳብ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ራሳቸው ስሕተታቸውን ያገኙታል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ዘዴ ጥሩ እንደሆነ ተምራለች።

የጀመረችው በመጀመሪያ ዕይታ ነው። ሰው አዲስ ሰው ሲያይ ወዲያው ይፈርዳል፤ ያን የመጀመሪያ ፍርድ ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ሁሉም ነገር ያሰፋዋል። አንዱን ነገር ከወደደለት ጠባዩም፣ ዕውቀቱም፣ ጨዋነቱም ጥሩ ይመስለዋል፤ አንዱን ከጠላበት ሁሉንም ይጠላበታል። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጎማውን ነው” አሉ። “ሳይንሱም ይኼን ካለ ደስ ይላል።”

በማግስቱ ሰው ቀድሞ ያመነበትን ነገር የሚደግፍለትን ብቻ እየመረጠ እንደሚያይ ነገረቻቸው። ጎረቤቱ ሌባ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው፣ ጎረቤቱ ቀስ ብሎ ሲራመድ ተደብቆ ነው ይላል፤ ፈጠን ሲል አምልጦ ነው ይላል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ እያሰበ ነው። አባቷ በጣም ወደዱት። ተቅዋ በሙከሚል ላይ የደረሰባት ይኸው ነው አሉ፤ ምስኪን ልጅ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ እየመረጠች። ተቅዋ ከኩሽና ውስጥ ሰምታለች፤ መክተፊያው ለአፍታ ቆሞ ነበር።

ቀጥሎ ፕሮጀክሽን መጣ፤ በራስ ያለውን ነገር በሌላ ሰው ላይ መለጠፍ። እሳቸውም ሙከሚል ሌሎቹን ሹፌሮች “አይነዱም” ይላል ሲባል እንደሰሙ አስታወሱና የማይነዳው ራሱ ስለሆነ ነው አሉ።

“አንተስ ቀን ከሌት የምትለው እሱኑ አይደል?” አሉ ወይዘሮ ጀዋሂር ከተከታታይ ድራማቸው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

“እኔ ስል ልክ ነኝ። እሱ ሲል ነው መለጠፍ የሚሆነው።”

ኢንቲሳር ተስፋ ሳትቆርጥ ወደ ከባዱ ሄደች። ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ ይባላል አለች። ሰው አብረው የማይኖሩ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ሲይዝ ልቡ አይረጋም፤ እስኪረጋ ድረስ አንዱን ይነካካዋል። ለምሳሌ አንድ ሰው ሲጋራ እንደሚገድል ያውቃል፣ ያጨሳልም። ስለዚህ ወይ ማጨሱን ይተዋል፣ ወይ ደግሞ “አያቴ እያጨሱ እስከ ዘጠና ዓመት ኖረዋል” ይላል።

“አያቱ የት ነበሩ?” አሉ አባቷ።

“እንጃ። ገጠር።”

“ገጠር ከሆነ ልክ ብሏል።”

ቃሉን ግን ያዙት። ዲሶናንሱ ይሉታል፤ ከተሳቢው ሥር ተፈታቶ መጽዳት ያለበት አንድ ዕቃ ይመስል።

ሐሙስ ማታ ኢንቲሳር ደክሟት ነበር። የቀራትን ተናገረች። ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ጠባዩን ያስተካክላል አለች፤ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ አጥኚ አጠገቡ የቆመበት ሠራተኛ ከሌላው ጊዜ የተሻለ ይሠራል ይባላል። ስለዚህ የታየው ነገር የሰውየው ጠባይ ይሁን የመታየቱ ውጤት ማወቅ ይከብዳል። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቡን በማንም ላይ አላዞሩትም። ለረጅም ጊዜ ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ።

“እንግዲያው ሳያውቅ እንየው” አሉ።

ኢንቲሳር ሰውን ፈቃዱን ሳይጠይቁ ማጥናት በትምህርቷ እንደማይደገፍ ተናገረች። አባቷ ታክሲ ነው፣ እንደማንኛውም ሰው እንሳፈራለን አሉ። መልስ ነበራት፤ ነገር ግን እስክታስተካክለው ድረስ እሳቸው ለሱብሒ ለመነሳት ተኝተው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተቅዋ ሥራ የምትገባው ከሰዓት ስለነበር ልብስ ልታጥብ ቀርታለች። አባትና ልጅ ወደ ታክሲ ተራ ወረዱ። አቶ ሙሀመድዘይን ነጩን ቆባቸውን አውልቀው የሲሚንቶ ማስታወቂያ ያለበት ባርኔጣ አድርገዋል፤ የወይዘሮ ጀዋሂርን ወንድም ጃኬት ለብሰዋል፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክም አለ። ለኢንቲሳርም አንድ ሰጥተዋታል፤ በዓይኗ በኩል ተቅዋን ትመስላለችና። የሙከሚል ተራ እስኪደርስ ሌሎቹን ሚኒባሶች አሳለፉ። ተራው ደርሶ ሲገቡ ተሳፋሪው ማስክ ያደረጉ ሁለት ሰዎችን አይቶ ራሱ ፈቀቅ አለላቸው፤ ያለ ልፋት ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር አገኙ። ከዚያ የሙከሚል እግርና ካምቢዮው ይታያሉ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ የአባቷ እግር ሥራ ጀመረ። በየፍጥነት መቀነሻው ይረግጣል፣ በየመታጠፊያው ይረግጣል። ኢንቲሳር የሙከሚልን እግር ታያለች፣ ከዚያ የአባቷን። አንድ ነገር ታዘበች። መጀመሪያ የአባቷ እግር ነበር የሚቀድመው። ቂሊንጦ ሲደርሱ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ሠራተኞች እየተጋፉ ሲሻገሩ፣ ሁለቱ እግሮች እኩል ረገጡ። ቂሊንጦን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ የሙከሚል እግር ቀደመ። የአባቷ ተነስቶ ምንም የሚሠራው ነገር ሳያገኝ ተመለሰ። ከዚያ ጭራሽ አልተነሳም።

ወደ ቃሊቲ ሲቃረቡ ትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ከበዳት። የሲሚንቶው ባርኔጣ ነበር፤ ውስጡ የአባቷ ራስ አለ።

ኢንቲሳር አልተንቀሳቀሰችም። ምናልባት አሞአቸው ይሆናል ብላ አሰበች። ማስካቸው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በየመሀሉ ደግሞ ቀስ ያለ፣ ቤት ውስጥ በግድግዳ በኩል የምታውቀው ድምፅ ይመጣል። አላመማቸውም። ተኝተዋል።

ቃሊቲ ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ከቀኝ ገባባቸው። ከኋላ አንዲት ሴት “በስማም” አለች። ሙከሚል ግን ገልባጩ ከመግባቱ በፊት ቀድሞ አብርዶ ነበር፤ ክላክስ አላደረገም፣ መስኮቱንም ከፍቶ ማንንም አልተሳደበም። ኢንቲሳር ወደታች አየች። የአባቷ ቀኝ እግር በጎኑ ጋደም ብሏል።

ሙከሚል በመስታወቱ ወደኋላ አየና ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገው። ከኋላ ወንበር አንዱ የኳስ ውጤት ሊነገር መሆኑን አሳሰበ።

“አባት ተኝተዋል” አለ ረዳቱ።

“ቤታቸው አይተኙም እንዴ?”

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሬዲዮኑ ግን እንደዝቅታው ሳሪስ አቦ ደረሰ። ኢንቲሳር ሙከሚል አውቋቸው ይሆን ብላ ተጠራጠረች። በተቅዋ ስልክ ላይ የቤተሰቡ ፎቶ አለ። አውቆ ከሆነ ጥናቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ ግን እንቅልፉ ትዝ አላት። ሙከሚል የፈለገውን ያህል ቢያውቅ የአባቷን እግር ሊያስተኛ የሚችለው በመንዳት ብቻ ነው።

አቶ ሙሀመድዘይን ረዳቱ “ሳሪስ አቦ፣ መጨረሻ” ሲል ነቁ። ከእንቅልፉ እንደነቃ ሳይሆን ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ቀና አሉ። ወርደው ጥግ ይዘው ቆሙና ውጤቱን ነገሯት። ልጁ እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ አያነሳም፤ ማርሽ ቶሎ ይቀይራል፤ ቃሊቲ ላይ የገባበትን መኪና ፈጽሞ አላየውም።

“የትኛውን መኪና?” አለች ኢንቲሳር።

“የገባበትን ነዋ። ቃሊቲ ላይ መቼም መኪና ሳይገባ አይቀርም።”

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አፏን ከፈተች።

“አባ...”

“ምን?”

“ማስክህ ረጥቧል።”

“ሙቀት ነው” አሉ፤ አውልቀውም ኪሳቸው ከተቱት።

ሲመለሱ በሌላ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሹፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ሱፍ ይበላል። ከሳሪስ እስከ ኮዬ ፈጬ ድረስ የአባቷ እግር አንዴም አላረፈም። ያው መንገድ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ወንበር፤ የተለወጠው ሹፌሩ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመመረቂያ ጥናቷን ስትሠራ ይህን ያህል ንጹሕ ማነፃፀሪያ አላገኘችም ነበር። አባቷ አራተኛ ፎቅ የወጡት የደረጃውን ብረት ተደግፈው ነው። ወይዘሮ ጀዋሂር ቅባቱን አውጥተው ተንበረከኩና ያበጠውን እግር እያዩ ጠየቁ።

“ስትሄዱ ነው ስትመለሱ?”

“ስንመለስ” አለች ኢንቲሳር።

እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። የቅባቱንም ክዳን ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቀው ዘጉት።

ያን ቀን ማታ ኢንቲሳር ለተቅዋ ልትነግራት አሰበች፤ ከነገረቻት ግን ከአባቷ ጋር መሄዷንም መንገር ሊኖርባት ነው። ተቅዋ ለእሑድ የምትለብሰውን ቀሚስ ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ፊት ለፊት የተሰቀለ ቀሚስ እያዩ መተኛት አስቸጋሪ ነው።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ አቡዘር ከአቶ ሙሀመድዘይን ጋር በአሰብ መንገድ ተሳቢ የነዱ ናቸው፤ በአንድ ምንጣፍ ላይ ሰግደዋል፣ በአንድ ጎማ ጥላ ሥር በልተዋል። አቶ በቀለ አቃቂ የሙከሚል ጎረቤት ናቸው፣ በምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ። ሦስተኛው የሙከሚል አጎት ሲሆኑ ብዙ አይናገሩም፤ የመጡት ለክብር ነው። ሙከሚል ራሱ አምጥቷቸው ታች መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ተቅዋ ኩሽና ውስጥ ሆና በሩን ገርበብ አደረገችው። ኢንቲሳር ሻይና ሳምቡሳ ይዛ ገባች።

የሽምግልናው ቃል እንደሚባለው ተባለ። የልጁ ትውልድ፣ ሰላቱ፣ ሥራው ተነገረ። አቶ በቀለ ሙከሚል ሰፈራቸው ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር በሌሊት ቢጠራም እንደሚነሳ መሰከሩ። አቶ ሙሀመድዘይን ሁሉንም አዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ልጁ ጨዋ መሆኑን እንደማይክዱ ተናገሩ። ነገር ግን ልጅ የሚሰጠው መሪ ለሚያውቅ ሰው ነው። እሳቸውም በጭፍን አልፈረዱም። ልጃቸው ኢንቲሳር በሥነ ልቦና የተመረቀች ናት፤ የመጀመሪያ ዕይታውንም፣ መለጠፉንም፣ ዲሶናንሱንም አንድ በአንድ አይተውታል። በመጨረሻም ትናንት ጠዋት ሁለቱ አብረው፣ ልጁ ሳያውቅ፣ ከኮዬ ፈጬ ሳሪስ አቦ ድረስ ተሳፍረው ሲነዳ አጥንተውታል። ጥናቱ አላማረም። ስለዚህ አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ሌላ ይስጠው።

ኢንቲሳር ሳህኑን እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች። መሬት ብትከፈት ከሳምቡሳው ጋር ብትገባ ደስ ይላት ነበር። ሐጂ አቡዘር ግን ወደ እሷ ዞሩ።

“አጥንታችሁ ከሆነ አንቺስ ምን አየሽ ልጄ?”

ሁሉም አዩዋት። የአጎትየው ሳምቡሳ አፋቸው አጠገብ ቆመ። ቤት ውስጥ አባቷን አንተ ነው የምትለው፤ ሽማግሌ ፊት ግን አንቱ መጣባት።

“አባ ተኝተው ነበር” አለች።

ሐጂ አቡዘር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

“ማነው የተኛው?”

“አባ። ከቂሊንጦ ትንሽ እልፍ እንዳልን፣ ሳሪስ አቦ እስክንደርስ።”

አቶ ሙሀመድዘይን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር አመኑ። ሞተር የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ እያዳመጡ ነበር።

“ያንኮራፋ ነበር?” አሉ ወይዘሮ ጀዋሂር ከወንበራቸው።

ኢንቲሳር ሳህኑን አየች።

“አዎ። እግራቸውም አልተነሳም። ገልባጩ ሲገባብን እንኳ።”

አቶ በቀለ የነገሩ ክብደት ስላልገባቸው ሊያግዙ ፈለጉ። በባቡር ሁሉም ሰው ይተኛል፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም አሉ። ሐጂ አቡዘር የድሮ ጓደኛቸውን ብቻ ያያሉ። የአሰብን መንገድ አብረው ተመላልሰዋል፤ ያንን ደንብ ከኢንቲሳር በፊት ሰምተውታል፣ ሲፈተንም አይተዋል። አንዴ መኪናቸው ሚሌ ላይ ተበላሽቶ ሁለቱም በሐጂ አቡዘር ወንድም መኪና ሲመለሱ፣ ሙሀመድዘይን ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው እንደፈጠጠ ነበር።

ኢንቲሳር አባቷ ውስጥ የሚሆነውን ነገር መጽሐፍ እንደምታነብ ያህል ታየዋለች። ሙከሚል አይነዳም ብለዋል። ሹፌር በማይነዳ ሰው እጅ አይተኛም ብለዋል። ተኝተዋል። ሦስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው መቀመጥ አልቻሉም፤ አንዱ መውጣት አለበት። ደንቡን እንዳይጥሉ የዕድሜያቸው ነው፣ ሲጠብቁት ያየ ሰውም ፊታቸው ተቀምጧል። እንቅልፉን እንዳይክዱ ተመስክሮባቸዋል። የቀሩት ሁለት በሮች ናቸው፤ ደንቡ ራሱ የከፈታቸው። ወይ አርጅተዋል፣ ወይ ልጁ ሹፌር ነው።

አቶ ሙሀመድዘይን ሻዩን አነሱና ጠጡት። ትኩስ ነበር፤ ቀስ ብለው ጠጡት። መጀመሪያ ያበጠውን እግራቸውን አዩት፤ ከዚያ የሐጂ አቡዘርን ፂም፣ ከእሳቸው ይልቅ ነጭ የሆነውን። ብርጭቆው ውስጥ ቅርንፉዱ ብቻ ሲቀር አስቀመጡት።

“ቁልቁለት ላይ ሲያቆም” አሉ፣ “ጎማውን ወደ ድንጋዩ ያዙር።”

እሺታ መሆኑ መጀመሪያ የገባው ለሐጂ አቡዘር ብቻ ነበር። እጃቸውን ለዱዓ ከፍ ሲያደርጉ ለአጎትየውም ገባቸው፤ አቶ በቀለ ሁለቱን አይተው አሜን አሉ። ወይዘሮ ጀዋሂር ስለ ጎማው በኒካሁ ውል ውስጥ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቁ።

ኢንቲሳር ባዶውን ሳህን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ተቅዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆማለች። ዞር ስትል ዓይኗ ቀልቷል፤ የተከተፈ ሽንኩርት ግን በአካባቢው አልነበረም። እህቷን ክንዷን ያዘቻት፣ ጠበቅ አደረገችው፣ ለቀቀችው። ለእነሱ ቤት ይህ ብዙ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊወጡ ጫማቸውን ሲፈልጉ አቶ ሙሀመድዘይን እያነከሱ ወደ በረንዳው ሄዱ። ለረጅም ጊዜ ወደታች አዩ። ከዚያ ኢንቲሳርን በእጃቸው ጠሯት። ሚኒባሱ ከሕንፃው ሥር ቁልቁለቱ ላይ ቆሟል። የፊት ጎማው እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ ድንጋዩ ዞሯል፤ ከአራተኛ ፎቅ እንኳ በደንብ ይታያል። ሙከሚል መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደላይ ላለማየት ይጥራል።

“አየሽ?” አሉ አባቷ። “ማንም ሳይነግረው።”

ኢንቲሳር ወደኋላ ዞረች። ተቅዋ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ስልኳን ወደ ቀሚሷ ኪስ እየከተተች ነበር፤ የስልኩ መብራት ገና አልጠፋም። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ የሚያደርገውን ነገር ስም ኢንቲሳር ታውቀዋለች። ሰው አንዴ ካመነ በኋላ የሚያየውንም ነገር ስም ታውቀዋለች። ሁለቱንም በዚህ ሳምንት አስተምራለች።

“አየሁ አባ” አለች።